ሙሌን ያዋልኩበት ቅዳሜ

ዛሬ ጠዋት ሙሌ ጫማውን ቦርሾ፣ ለክርስትናና ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ሰማያዊ ሸሚዝ ተኩሶ መጣና፣ «ተነሽ፣ ዛሬ ሥራ የለም። ከተማ ዞር ዞር ብለን ኮሪያ ቤት ምሳ እንበላለን» አለኝ። ሙሌ ባሌ ነው። አብረን በኖርንባቸው ዓመታት «ዞር ዞር እንበል» ያለበት ቀን በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል። ቅዳሜ ደግሞ ለእሱ የእንቅልፍ ቀን ነው፤ ጣሪያው ቢፈርስ አይነሣም። ልጃችንን በጠዋት እትዬ ብርቄ ጋ አድርሷት ተመልሷል። ስልኬን ትናንት «ማያው ተሰንጥቋል፣ ላሠራልሽ» ብሎ ወስዶብኛል፤ ማያው ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ከደብረ ብርሃን ስልክ እየጠበቅኩ እንደሆነ ያውቃል። አሁን ደረጃው ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከሆነ ሰው ጋር ያወራል። እኔ የልጄን ደብተር ከኋላ ገልብጬ እጽፋለሁ። መጻፍ ልማዴ አይደለም፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከአገር ከወጣሁ ወዲህ የሞላሁት ፎርም ብቻ ነው። ግን እጄ ሥራ ካልያዘ አብዳለሁ። «ኮሪያ ቤት» ሲለኝ ያ የነጭ ሽንኩርትና የኮመጠጠ ጎመን ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ያቺ ቅዳሜም ተከትላው መጣች።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ዋትሳፕ የለም። እዚህ ሮማ የሜትሮ ቢሊየቶ፣ ትኬቱ፣ አንድ ዩሮ ነበር፤ አንዴ አስመትተሽ ከአናኚና እስከ ባቲስቲኒ ከተማውን ከዳር እዳር ትሄጂበት ነበር። ቡና ሰባ ሳንቲም፣ ቆመሽ ከጠጣሽ። የሴት ጂንስ ወገቡ ዝቅ ብሎ እምብርት ያሳይ ነበር፤ ወንዶቹ ጫማቸው እንደ ማንኪያ ጫፍ የሾለ፣ ፀጉራቸው በጄል የደረቀ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ባሉት ስልክ ቤቶች በር ላይ ሁሌ የአገር ቤት ዘፈን ይንቆረቆራል፤ ግማሹ ሰው ስለ ትዝታ እየሰማ ግማሹ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ቆሞ «አሎ! አሎ! ይሰማል?» እያለ ይጮሃል። እኔና ሙሌ ሰላም ፓላስ፣ ስደተኛው በሰፈረበት የተተወ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነን። ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜ የአንድ ፕሮፌሶሬ ቢሮ ሳይሆን አይቀርም፤ ግድግዳው ላይ የመደርደሪያ ቀዳዳ ነበረበት፣ ቀዳዳው ውስጥ ሚስማር ከተን ልብሳችንን እንሰቅላለን። እሱ መኪና እጥበት ይሠራል፣ ላቫጆ። እኔ ተርሚኒ አጠገብ አንዲት ኮሪያዊት ባላት የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ እቀይራለሁ፣ መታጠቢያ ቤት እጠርጋለሁ። እንግዶቿ ሁሉ የአገሯ ልጆች ናቸው፤ ካርታ ይዘው በጠዋት ይወጣሉ፣ እግራቸው አብጦ ይመለሳሉ። ሮማን በእነሱ ካርታ ነው የማውቃት። ሁለት ዓመት ኖሬ ያንን የጥንት ስታዲየም፣ ኮሎሴዎን፣ ያየሁት ከአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ እትዬ ብርቄ መግቢያው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እትዬ ብርቄ ሮማ ውስጥ ለሁላችንም እናት ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ያረጁ ሲኞራዎችን ከአልጋ ሲያነሡ የኖሩ ሴት። ፓላሱ ውስጥ አይኖሩም። ያለ ምክንያት እዚያ ድረስ አይመጡም።

«ሰኒ፣ የሙሌ እናት አርፈዋል» አሉኝ። «ረቡዕ ነው። እህቱ ለእኔ ደወለችልኝ። ቀብራቸውም አልፏል።»

እኔ እኚህን ሴት አላውቃቸውም ነበር፤ በድምፅ ብቻ። በየቅዳሜው ከስልክ ቤቱ ሳጥን ውስጥ «እስቲ ያቺን ልጅ አቅርባት» ይላሉ፤ እኔም «እንደምን አሉ እማማ» እላለሁ፤ እሳቸውም «ወፍረሻል?» ብለው ይጠይቁኛል። በቃ ይኼው ነው። ሙሌ ግን ስድስት ዓመት አላያቸውም። ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ከወጣለት ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ለጥምቀት ደሴ ልገባ ነው እያለ ትኬት ሲያጠያይቅ ነበር የሰነበተው።

«አሁኑኑ ወጥቼ እነግረዋለሁ» አልኩ።

እጄን ያዙኝ። የእትዬ ብርቄ እጅ ከያዘ አይለቅም። «ምን ብለሽ? ቁመሽ? መርዶ እንዲህ አይነገርም፣ ልጄ። ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ንጋት ላይ ነው። ነገ ሁሉም ሥራ ነው። እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥተን እናረዳዋለን።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ አውይው። ስልክ እንዳይደውል፣ ሐበሻ እንዳያገኝ። ደግሞ በደንብ አብይው። ከእሁድ በኋላ እህል በአፉ አይዞርም።»

«እናቱ ሞታ፣ እርስዎ ቢሆኑ ሲስቅ ቁጭ ብለው ያዩታል?»

«አይቻለሁ» አሉ። «ሦስት ቀን።» ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሜትሮው ሄዱ።

እኔ ይህን ልማድ ያኔም አልወደድኩትም፣ ዛሬም አልወደውም። የሰውየው እናት ናት፤ ከእሱ በፊት አምስት ፎቅ ሰው እንዴት ያውቃል? ግን ብቻዬን ልነግረውም ፈራሁ። ክፍሉ ስገባ ሽንኩርት እየከተፈ ያፏጫል። ፊቴን ሳያይ ቀጥ ብዬ ወደ መስኮቱ ሄድኩና፣ «ነገ ፈቃድ አግኝቻለሁ። እንደ ቱሪስት ሮማን እንዞራለን» አልኩ። የሞባይሉ ባትሪ እንዲያልቅ ቻርጀሩን ፍራሹ ሥር ከተትኩት።

ቅዳሜ ወጣን። ከፖርታ ፖርቴዜ ሰልባጅ ገበያ የገዛትን ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሷል፤ እጅጌዋ አንድ ጣት ያህል ያጥራል፣ እሱ ግን ሲለብሳት ይኮራል። እኔ ነጭ ጂንስ፣ ቀይ ሊፕስቲክ። ሜትሮው ውስጥ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም።

«እውነት ንገሪኝ» አለ። «ኮሪያዊቷ አባራሽ ነው አይደል? ይሄ ማባበያ ነው።»

«አላባረረችኝም።»

«አሎራ፣ እንግዲያው ሌላ ወንድ ወደሻል። የስንብት ነው።»

«አዎ፣ ከአንተ የተሻለ። እጅጌው የሚደርስለት።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ውስጥ ያለውን እኔና እግዜር እናውቃለን።

ኮሎሴዎ ስንደርስ አንገቱን ቀና አድርጎ ብዙ ካየ በኋላ፣ «ይሄ ነው? በቴሌቪዥን ይሻላል» አለ። በቆርቆሮ ጋሻና መጥረጊያ በተሰካበት ባርኔጣ የጥንት ወታደር መስለው ፎቶ የሚያስነሡ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ትንባሆ እያጨሰ ሰይፉን ለሙሌ ሰጠው፣ ሙሌም ሰይፉን በአንገቴ ላይ አደረገ። ፎቶውን ያኔውኑ አትሞ የሚያወጣ ካሜራ የያዘ ሰው አነሣን። ሙሌ ፎቶውን እስኪደርቅ አርገበገበውና በጥንቃቄ ደረት ኪሱ ከተተው። «ይሄ ለእምዬ ነው። ‹ሚስትህን በጆሮዬ ብቻ ልወቃት?› ብላኛለች። ከደብዳቤ ጋር እልከዋለሁ፤ ምን እልከዋለሁ፣ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ!» ያ ፎቶ ዛሬም አለ። እሱ ጥርሱ ሁሉ ይታያል፤ እኔ ወደ ጎን፣ ወደ አስፋልቱ ነው የማየው። ያየው ሁሉ «ፀሐይ ነው?» ይለኛል።

ከዚያ በእግር። በፎሪው፣ በጥንቱ ፍርስራሽ፣ በኩል፣ በነጩ ትልቅ ሐውልት አድርገን ወደ ትሬቪ ፏፏቴ። በጣም ፈጥኜ ነበር የምሄደው፤ «ቱሪስት ይሮጣል እንዴ?» እያለ ከኋላዬ ይከተለኛል። ብቆም የምናገር ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሰዓት ነው። ሙሌ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዝናብም በረዶም ቢሆን፣ ለእናቱ ይደውላል። ባለ አምስት ዩሮ የስልክ ካርድ፣ ያ የሚፋቀው፣ ጃኬቱ የጎን ኪስ ውስጥ አለ። ትሬቪ ዳር ተቀምጠን፣ እንደ ቱሪስቱ ዓይኑን ጨፍኖ በትከሻው ላይ ወደ ውኃው ሳንቲም ሲወረውር፣ እጄን ኪሱ ከትቼ ካርዱን አወጣሁና እኔም ወረወርኩ። እኔ በሕይወቴ ሰርቄ አላውቅም። ካርዱ አልሰጠመም። በጀርባው ተንሳፍፎ፣ የአፍሪካ ካርታ ሥዕሉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። የሙሌን አንገት ይዤ ወደ እኔ አዞርኩና ሰው ሁሉ እያየ ሳምኩት። ሐበሻ ሴት በመንገድ ላይ፣ በቀን! ደነገጠ። «ዛሬ አንቺ ጤነኛ አይደለሽም» አለ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ስፓኛ አደባባይ፣ ትልቁ ደረጃ ሥር፣ ከዘንባባዎቹ አጠገብ፣ የፈራሁት ደረሰ። አልማዝ። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን፤ የምትጠብቃትን ሲኞራ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች። አልማዝ ሙሌን ሳትለክፈው ውላ አታውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሩቅ «አንተ ላቫጆ! እጅህን ታጠብክ?» ትለዋለች፣ እሱም «ለአንቺ ሙሉ እጥበት በነፃ!» ይላታል። ያን ቀን ወንበሩን ለቀቀችና መጥታ አቀፈችው። አንዴ ሳመችው፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ጉንጩን ጉንጩ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ «አይዞህ፣ ወንድሜ» ብላ ዞር አለች። ወንበሩ በራሱ ቁልቁል ሊንሸራተት ሲል ሲኞራዋ ጮኸች፤ አልማዝ ሮጣ ይዛ ወደ ኋላ ሳታይ ሄደች።

«ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። ሲኞራዋ ልትሞት ነው መሰለኝ።»

ከዓለም ቃል ሁሉ ያንን ቃል መረጥኩ። ሲኞራዋ ከንፈሯን ቀይ የተቀባች፣ ፀጉር ኮት የለበሰች፣ ስትጮህ ፒያሳው የሚሰማት ሴት ናት።

ሙሌ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የሚያፏጭ ፖሊስ መጣ፤ አንድ ሕፃን አይስክሬሙን ጣለ፣ አለቀሰ። ሙሌ እጁን ጃኬቱ የጎን ኪስ ከተተ፣ ካርዱን እንደሚፈልግ አየሁት። ሌላውንም ኪስ ፈለገ። ሊጠይቀኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጀሁ። አልጠየቀኝም። እጁን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ስልክ ቤት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እኔ ሞኟ ዕድሌ ነው ብዬ አመሰገንኩ።

«ራበኝ» አለ በመጨረሻ። «የት ነው የምታበዪኝ?»

ወደ ሐበሻ ምግብ ቤት ልወስደው አልችልም፤ እዚያ ገና በሩን ሲያልፍ ሰው ሁሉ ይነሣለታል። ሐበሻ የማይደርስበት አንድ ቤት ብቻ ነበር የማውቀው፤ የአሠሪዬ የሲኞራ ኪም ምግብ ቤት። ከእንግዳ ማረፊያው ሥር፣ ስድስት ጠረጴዛ። ከኋላ በር ገብቼ ድስቷን አጥቤ አውቃለሁ፤ ከፊት በር ገብቼ ተቀምጬ አላውቅም። ሲኞራ ኪም አጭር፣ ወገቧን ሁሌ በፎጣ የምታስር፣ ቁጡ ሴት ናት። በነጭ ጂንስና በቀይ ከንፈር ስታየኝ አፏን ያዘች። ሙሌን አየች። «ኮምፕሌአኖ?» አለች። ልደት ነው ወይ ማለቷ ነው። እንዲያው ወሬ እንዳይበዛ ብዬ፣ «ሲ፣ የእሱ ልደት ነው» አልኳት።

ሙሌ አየኝ። ሙሌ ሚያዝያ ነው የተወለደው። ያ ወር ጥቅምት ነበር።

ሲኞራ ኪም ትንንሽ ሳህን ታመጣ ጀመር። አሥር ይሁን አሥራ ሁለት፣ ጠረጴዛው እንደ ገበታ ሞላ፤ በበርበሬ ቀልቶ የኮመጠጠ ጎመን፣ ኪምቺ ይሉታል፣ አዋዜ ውስጥ የከረመ ይመስላል፤ ባቄላ፣ ሥር የመሰለ ነገር፣ ስልጆ ስልጆ የሚሸት ወጥ። መሐሉ ላይ ምድጃ ለኩሳ በጣፋጭ መረቅ የተነከረ ስስ የበሬ ሥጋ ጣል አደረገች። በማንኪያ ፋንታ በሚሰጡት ሁለት ቀጭን ብረት ሙሌ መብላት አልቻለም፤ ሩዙ ከአፉ በፊት ጉልበቱ ላይ ይደርሳል። ሲኞራዋ ብረቱን ቀማችው። ሰላጣ ቅጠል መዳፏ ላይ ዘርግታ፣ ሥጋ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድልህ ነገር አድርጋ ጠቀለለችና «አ!» አለችው። አፉን ከፈተ። ጡጫ የሚያህል ጉርሻ አጎረሰችው።

«ሰኒ!» አለ አፉ ሞልቶ። «ጉርሻ ያውቃሉ!» ከዚያ አንድ ጣቱን አሳያት፤ «ኡኖ፣ ኖ! አንድ ያጣላል በያት። ትድገመኝ።» ደገመችው። እሱ ደግሞ ጠቅልሎ አጎረሳት፤ ያቺ ፊቷ የማይፈታ ሴት በእጇ አፏን ሸፍና እስክታስል ሳቀች። ሁለት ዓመት ስሠራላት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። እኔ ራሴ አልበላሁም። እየጠቀለልኩ ለእሱ አጎርሳለሁ። ብላ። ይህንንም ብላ። እትዬ ብርቄ በደንብ አብይው ብለዋል። አንዱንም እምቢ አላለም። እያየኝ፣ ቀስ ብሎ እያኘከ፣ ይውጣል።

ከዚያ ሲኞራ ኪም ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል የተንሳፈፈበት ሾርባ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። የባሕር ቅጠል ነው። ፊቱ አስቀመጠችውና በዚያች በተሰባበረች ጣልያንኛዋ ነገረችን፤ «ልደት፣ ይሄ። እናት ስትወልድ ይሄን ትበላለች። ስለዚህ ልጅ፣ በልደቱ ቀን፣ ይበላል። እናቱን ለማሰብ።»

ሙሌ ሾርባውን አየው።

«የኔ እናት ገንፎ ነው የበላችው፣ ንገሪያት» አለኝ። ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። እሱን አይታ ጠየቀችው፤ «ማማ አለች?»

ይህቺን ማንም አልተረጎመለትም፤ ማማ በሁሉ ቋንቋ ማማ ነው። እሷን አላየም። እኔን ነው ያየው።

«ሲ» አለ። «ደሴ ናት።»

ሾርባውን ጠጣው። ቅጠሉን አንድ በአንድ በላ። ሳህኑን አንሥቶ የቀረውን ጨለጠው። ፎቶውን ከደረት ኪሱ አወጣና ከሲኞራዋ እስክሪብቶ ተበድሮ፣ ጀርባውን ገልብጦ ሊጽፍ ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ነጥብ ብቻ። ከዚያ እስክሪብቶውን መለሰላት።

እሁድ ንጋት ላይ ኮሪደሩ ላይ የብዙ ጫማ ኮቴ ሰማሁ፤ ኮቴ ለመደበቅ ሲሞክር የበለጠ ይሰማል። ዞር ስል ሙሌ አልጋው ላይ የለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ። ክፍሉን ጠርጎታል። ከጎረቤት ሦስት ወንበር ተውሶ ደርድሯል። ሽማግሌዎቹ ከማንኳኳታቸው በፊት ተነሥቶ በሩን ከፈተላቸው። «ግቡ» አለ። ከዚያ እትዬ ብርቄን ሲያይ ፊቱን ነጠላቸው ውስጥ ደበቀ።

በአርባኛው ቀን ነው የጠየቅኩት። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«አልማዝ ስትስመኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን ያንን ሁሉ በላህ? እኔ እኮ ልሞት ነበር!»

«ካልነገሩኝ አልሞተችም ብዬ» አለኝ። «አንቺ እኔን ስታውዪ እኔ እሷን አዋልኳት።»

ስንት ዓመት ሆነው። ሲኞራ ኪም አገሯ ገብታለች፤ ቤቱን የእህቷ ልጅ ይዞታል፣ ጠረጴዛውም አሥራ አምስት ደርሷል ይላሉ። ቢሊየቶው ዋጋው ጨምሯል። እትዬ ብርቄ ጡረታ ወጥተው እግራቸውን ያማቸዋል፤ ሕፃን መጠበቅ ከተዉ ቆይተዋል። ልጄን ዛሬ ለምን እሳቸው ጋ እንደወሰዳት ልጠይቀው እችል ነበር። ደብረ ብርሃን ያለው አባቴ ከቡሄ ወዲህ ታሞ ነበር። ባለፈው ሳምንት ስደውል «ተኝቷል» አሉኝ፤ ማክሰኞ ስደውል «አሁን ገና ተኛ» አሉኝ። ከዚያ ስልኬ ለጥገና ሄደ።

ኮቴው መጣ። ሙሌ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑን ታጥቦ ነው የመጣው፤ ቅንድቡ እርጥብ ነው። ሸሚዙን አንድ ቁልፍ አዛንፎ ነው የቆለፈው። አፉን ሊከፍት ፈልጎ ዘጋው፤ ያንን ፊት አውቀዋለሁ፣ ያን ቅዳሜ በሜትሮው መስታወት ያየሁት የራሴ ፊት ነው።

«ምን እየጻፍሽ ነው?»

«የገበያ ዝርዝር።»

«ራበሽ?»

«በጣም» አልኩት። «ስፓኛ በኩል እንሂድ። በእግር። አትሩጥብኝ ብቻ።»

ነጩን ጫማዬን ላደርግ ነው። የቀረበልኝን ሁሉ እበላለሁ፤ የሚጠቀልልልኝን ሁሉ እጎርሳለሁ፤ ሾርባም ካመጡ እጠጣለሁ። አሁን ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል።